መሣሪያው ተሰክቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን «የለም» ይላል፦ በሊኑክስ ላይ የመሣሪያ ስህተትን ማንበብ

ሃርድ ዲስክ ይሰካል፣ መብራቱም ይበራል፤ ፋይል ማኔጀሩ ላይ ግን ምንም አይመጣም። ወይም ይመጣና ገና አንድ ፎልደር ሲከፈት «ኢንፑት/አውትፑት ኤረር» ብሎ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፤ ነቅሎ ይሰካል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ አልሆን ሲለው ዲስኩን ፎርማት ያደርጋል ወይም ሊኑክሱን እንደ አዲስ ይጭናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ብቻ ናቸው። ችግሩ የላላ ኬብል ከሆነ አዲስ ሲስተም ኬብል አያጠብቅም።

ስክሪን ላይ የሚወጣው አጭር መልእክት የችግሩን ዓይነት እንጂ መንስኤውን አይነግርም። መንስኤው ሌላ ቦታ፣ በዝርዝርና ከነሰዓቱ ተጽፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ይህን መልእክት እንዴት አጠፋዋለሁ?» ሳይሆን «መሣሪያው እስከ የትኛው ደረጃ ደርሶ ነው የቆመው?» ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የተርሚናል ትዕዛዞችን የጻፍነው በፊደሎቻቸው ስም ነው። «ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» ሲባል አምስቱን የላቲን ፊደላት በትንንሹ፣ ያለ ሰረዝና ያለ ክፍተት አያይዘው ይተይቡ ማለት ነው። ትልቅ ፊደል ወይም ሰረዝ ሲያስፈልግ ለይተን እንናገራለን።

መሣሪያ እንዴት ፋይል ይሆናል?

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ የተጀመረ ሲስተም ነው። ሊኑክስን ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው አሠራሩን ተከትሎ እንጂ ኮዱን ወስዶ አይደለም፤ «ዩኒክስ መሰል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ከዩኒክስ የተወረሰው ትልቁ ሐሳብ መሣሪያን እንደ ፋይል ማየት ነው። ዲስኩም፣ ኪቦርዱም፣ የድምፅ ካርዱም «ዴቭ» በተባለው ፎልደር ውስጥ የየራሳቸው ፋይል አላቸው። ፕሮግራም መሣሪያውን የሚያናግረው ያንን ፋይል ከፍቶ በማንበብና በመጻፍ ነው።

እነዚህ ፋይሎች ግን ውስጣቸው ባዶ ነው፤ በር ላይ እንደተለጠፈ የቢሮ ቁጥር ናቸው። ዴቭ ውስጥ ገብተው «ኤል-ኤስ» ብለው ክፍተት፣ ከዚያ ሰረዝና ትንሿን ኤል ቢጽፉ፣ በብዙዎቹ መስመሮች መጀመሪያ ላይ ቢ ወይም ሲ የሚል ፊደል ያያሉ። ቢ እንደ ዲስክ በብሎክ የሚነበብ መሣሪያ ነው፤ ሲ እንደ ኪቦርድ ፊደል በፊደል የሚያስገባ። ለተራ ፋይል መጠኑ በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ በኮማ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ኤስ-ዲ-ኤ የሚባለው የመጀመሪያው ዲስክ 8 እና 0፣ የእሱ አንደኛ ክፍልፋይ ደግሞ 8 እና 1 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የትኛው ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያናግረው ፕሮግራም) እንደሚመለከተው፣ ሁለተኛው ከዚያ ድራይቨር ሥር ካሉት የትኛው እንደሆነ ይነግራል።

ይህ ዝርዝር ከንቱ እውቀት አይደለም። ፍላሽ ሳይሰካ፣ ወይም የዲስኩ ስም ተሳስቶ በሌለ ስም ተጽፎ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን «ዲ-ዲ» በተባለው መገልበጫ ወደ ዴቭ ውስጥ ቢጻፍ ትዕዛዙ አይቃወምም፤ በዚያ ስም ተራ ፋይል ፈጥሮ ዳታውን በሙሉ ሜሞሪ ላይ ይቆልላል። ሥራው ከፍላሽ በማይጠበቅ ፍጥነት ያልቃል፤ ፍላሹ ላይ ግን ምንም የለም። መለያው ያ የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ቢ መሆን ሲገባው ሰረዝ ከሆነ መሣሪያ ሳይሆን ተራ ፋይል ነው፣ ይጥፋ።

ሲሰካ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ወደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመጣ ባለጉዳይ ያስቡ። መጀመሪያ በሩ ጋ መድረስ አለበት፤ ይህ ኤሌክትሪኩና ኬብሉ ነው። ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቀዋል፤ ዘበኛው ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም ነው፣ መታወቂያው ደግሞ መሣሪያው ይዞት የሚመጣው የአምራችና የሞዴል ቁጥር። ከዚያ ቋንቋውን የሚያውቅ አስተርጓሚ ይፈለግለታል፤ ድራይቨር ይሉታል። አስተርጓሚ ከተገኘ የቢሮ ቁጥር ይለጠፍለታል፤ በዴቭ ውስጥ ፋይሉን የሚፈጥረው ከርነሉ ሲሆን ባለቤቱንና ፈቃዱን የሚያስተካክለው ዩዴቭ የተባለ አገልግሎት ነው። በመጨረሻ ማን ገብቶ ያነጋግረው የሚለው ይወሰናል፤ ይህ ፐርሚሽን ነው። ዲስክ ከሆነ አንድ ደረጃ ይጨመራል፤ ውስጡ ያለው ፋይል ሲስተም ማውንት መደረግ፣ ማለትም ከአንድ ፎልደር ጋር መያያዝ አለበት።

በር ላይ ለቀረ ሰው የቢሮ ቁልፍ መፈለግ ትርጉም የለውም። ፍተሻ ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው?

ነቅሎ መሰካት አይደለም፤ የከርነሉን ሎግ መክፈት ነው። ተርሚናል ላይ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ብለው፣ ክፍተት፣ ከዚያ ሰረዝና ትንሹን ደብልዩ ይጻፉ። «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ካለ ከፊቱ ሱዶ (ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ፣ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደውን) ያስገቡ፤ ብዙ ሲስተሞች ይህን ሎግ ለተራ ተጠቃሚ አይከፍቱም። መስኮቱ ክፍት እንደሆነ መሣሪያውን ይሰኩና የሚወጡትን መስመሮች ይከታተሉ። በደብልዩው ፋንታ ትልቁን ቲ ካስገቡ የተጠራቀመው ሎግ በሚነበብ ሰዓት ይወጣል። ኮምፒውተሩ ደርቆ ሪስታርት ከተደረገ የቀድሞው ሎግ ከዚህ ይጠፋል፤ ሲስተምዲ (ሲስተሙን የሚያስነሳና አገልግሎቶቹን የሚመራ ፕሮግራም) ባላቸው ሲስተሞች ሎጉ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ጆርናል ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ሲ-ቲ-ኤል ተያይዞ የሚጻፈው ትዕዛዝ፣ «ሰረዝ ኬ»፣ «ሰረዝ ቢ» እና «ሰረዝ 1» ሲጨመሩለት ያለፈውን ዙር የከርነል ሎግ ያወጣል።

ጤነኛ ፍላሽ ሲሰካ የሚወጣው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። መጀመሪያ «ኒው ሃይ ስፒድ ዩኤስቢ ዲቫይስ ነምበር 7»፤ በሩ ጋ ደርሷል። ቀጥሎ የአምራችና የሞዴል ቁጥር፤ መታወቂያውን አሳይቷል። ከዚያ «ዩኤስቢ ማስ ስቶሬጅ ዲቫይስ ዲቴክትድ»፤ አስተርጓሚ ተገኝቷል። ከዚያ ስሙ፣ ለምሳሌ ኤስ-ዲ-ቢ፣ ከነብሎክ ብዛቱ፤ በመጨረሻም ክፍልፋዩ፣ ኤስ-ዲ-ቢ-1። ይህ ሁሉ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይወስዳል። የእርስዎ መሣሪያ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ካዩ የሥራው ግማሽ አልቋል።

ሌላው ዩኒክስ መሰል ሲስተም በሆነው በፍሪ ቢ-ኤስ-ዲ ላይም ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ይሠራል፤ የዲስኮቹ ስምና ከዚህ በታች ያሉት አንዳንድ ትዕዛዞች ግን ይለያሉ።

ቁጥሮቹስ ምን ይላሉ?

በሎጉ መስመሮች ጫፍ ላይ «ኤረር −71» የሚመስል ነገር ይታያል። እነዚህ በዘፈቀደ የተሰጡ ቁጥሮች አይደሉም። የመቀነስ ምልክቱን ትተው ቁጥሩን ብቻ ይዩት፤ 2 የሚፈለገው ፋይል የለም፣ 5 ማንበብ ወይም መጻፍ አልተቻለም፣ 13 ፈቃድ የለህም፣ 16 በሌላ ተይዟል፣ 19 እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም፣ 28 ቦታ አልቋል፣ 30 ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ነው፣ 71 ንግግሩ ተበላሽቷል፣ 110 ጠብቄ መልስ አጣሁ። 25 ቁጥር ዛሬም ለዲስክም ለሌላውም ሲወጣ ይታያል፤ በድሮው ዩኒክስ ትርጉሙ «የጽሕፈት መኪና አይደለም» የሚል ነበር። መልእክቶቹን ቃል በቃል መውሰድ የማያዋጣው ለምን እንደሆነ ይህ አንዱ ብቻ ይበቃል።

ሎጉ ላይ ጭራሽ ምንም ካልወጣ?

የመሣሪያው መብራት በርቶ ሎጉ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ኬብሎች የዳታ ሽቦ የላቸውም፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፣ ወሬ አያሳልፉም። በሶፍትዌር የሚደረግ ነገር የለም፤ ኬብል ይቀይሩ።

መስመሮች እየወጡ «ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ሪድ» የሚለው ከ71 ወይም ከ110 ጋር ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ፣ መሣሪያው ደጃፉ ላይ ሆኖ እየተንተባተበ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የፊት ለፊቱ ሶኬት ነው። የፊት ሶኬቶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በኬሱ ውስጥ በሚያልፍ ረጅም ሽቦ ስለሆነ ሲግናሉም ኃይሉም ይደክማል፤ የኋላዎቹ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያውን ያለ ሃብና ያለ ማራዘሚያ፣ በአጭር ኬብል፣ ወደ ኋላ ይሰኩት።

ቀጥሎ ኃይል ነው። መደበኛ ዩኤስቢ 2 ሶኬት 500 ሚሊ አምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ በደካማ ሶኬት ላይ ሊነሳ ይሞክርና ይወድቃል፤ ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ ሲል የሚሰማው አንዳንዴ ይኸው ነው። የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ይፈታዋል። «ኦቨር ከረንት» የሚል ቃል ካዩ ግን ለመሞከር አይቸኩሉ፤ የሆነ ቦታ ከልክ በላይ ኃይል እየተሳበ ነው፣ ወዲያው ይንቀሉት።

ፍጥነቱን የሚናገረው መስመር ላይም ወጥመድ አለ። «ፉል ስፒድ» ሲባል ሙሉ ፍጥነት ይመስላል፤ በዩኤስቢ ቋንቋ ግን በሰኮንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ነው። «ሃይ ስፒድ» 480፣ «ሱፐር ስፒድ» ከ5000 ይጀምራል። የዩኤስቢ 3 ዲስክ «ሃይ ስፒድ» ተብሎ ከተመዘገበ መሰኪያው እስከ ውስጥ አልገባም፣ ወይም ኬብሉ የዩኤስቢ 2 ነው።

አየው፣ ግን አይሠራም?

ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ የተሰኩትን የዩኤስቢ መሣሪያዎች ይዘረዝራል። ማዘርቦርዱ ላይ ለተሰኩ ካርዶች ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ ብለው ሰረዝና ትንሹን ኬ ይጨምሩ፤ ከእያንዳንዱ ካርድ ሥር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ አስተርጓሚ አለው፣ ከሌለ የለውም።

ለዋይፋይና ለግራፊክስ ካርድ ተደጋግሞ የሚያጋጥመው ፈርምዌር የሚባለው ነው፤ ድራይቨሩ ካርዱ ላይ የሚጭነው የአምራቹ ፋይል። ከጎደለ «ዳይሬክት ፈርምዌር ሎድ» ብሎ የፋይሉን ስም ይጠራና «ኤረር −2» ይላል። በኡቡንቱ፣ በፌዶራና በአርች መፍትሔው ሊኑክስ ፈርምዌር የተባለውን ፓኬጅ መጫን ወይም ማደስ ነው፤ ዴቢያን ከ12ኛው እትሙ ጀምሮ እነዚህን ፋይሎች ከኢንስቶለሩ ጋር ያቀርባል። ግን ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ የዋይፋይ ድራይቨሮች መጀመሪያ አዲሱን እትም ፈልገው ያጡና ወደ አሮጌው ይወርዳሉ። ካርዱ እየሠራ ያንን ቀይ መስመር ማሳደድ ጊዜ ማጥፋት ነው።

አሁን ደግሞ ሰውን ግራ የሚያጋባው፦ ትናንት የሠራ ፍላሽ ዛሬ ድራይቨር ያጣል። ከመሃል ሲስተሙ ተሻሽሎ ሪስታርት አልተደረገም። እንደ አርች ባሉ ሲስተሞች ማሻሻያው የአሮጌውን ከርነል ድራይቨሮች ከዲስክ ያጠፋል፤ ሜሞሪ ውስጥ እየሠራ ያለው ግን ገና አሮጌው ከርነል ነው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሚሰጠው ድራይቨር የለውም። ዩ-ኤን-ኤ-ኤም-ኢ ብለው ሰረዝና ትንሹን አር ቢጨምሩ የሚወጣው ቁጥር ከተጫነው ከርነል ቁጥር ጋር ካልተስማማ ሪስታርት ብቻ ይበቃል።

«ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ሲል ደግሞ ሴኪዩር ቡት የተባለው የማዘርቦርዱ ጥበቃ ያልተፈረመበትን ድራይቨር ከልክሏል ማለት ነው። ወይ ድራይቨሩ በተመዘገበ ቁልፍ ይፈረማል፣ ወይ ሴኪዩር ቡት ከማዘርቦርዱ ሴቲንግ ይጠፋል።

«ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲልስ?

ይህ በአንድ በኩል የምሥራች ነው፤ መሣሪያው ሁሉንም ደረጃ አልፎ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው። በሲሪያል የሚገናኙ ቦርዶችና ሞደሞች ላይ ይበዛል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ዳያል አውት፣ በአርች ደግሞ ዩ-ዩ-ሲ-ፒ የተባለው ግሩፕ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። የሚያስገባው ዩዘር ሞድ የተባለው ትዕዛዝ ነው፤ ትንሹ ኤና ትልቁ ጂ አብረው በአንድ ሰረዝ ይጻፋሉ። ትንሹን ኤ መርሳት ውድ ስህተት ነው፤ ወደ አዲሱ ግሩፕ ሲያስገባዎት ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ያስወጣዎታል፣ ከሱዶውም ጭምር። ለውጡ የሚሠራው ከሎግ አውት በኋላ ነው።

የፋይሉን ፐርሚሽን በእጅ ለሁሉም መክፈት ለጊዜው ይሠራል፤ ግን መሣሪያው በተሰካ ቁጥር ፋይሉ እንደ አዲስ ስለሚፈጠር ነቅለው ሲሰኩ ጠፍቶ ይጠብቅዎታል።

«ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» የዚህ ጎረቤት ነው። ማን እንደያዘው ኤፍ-ዩ-ኤስ-ኢ-አር ይናገራል፤ ሰረዝ፣ ቪ እና ኤም፣ ከዚያ ዲስኩ የተያያዘበትን ፎልደር ይጻፉለት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያው ራስዎ የከፈቱት ተርሚናል ነው፤ ዲስኩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ አልነቀል ይላል። የሲሪያል ቦርድ እንደተሰካ ለጥቂት ሰኮንድ «ቢዚ» ካለ ሞደም ማኔጀር የተባለው አገልግሎት ሞደም መስሎት እየጠየቀው ሊሆን ይችላል።

«ኢንፑት/አውትፑት ኤረር»፦ ዲስኩ እየሞተ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ልዩነቱን እስኪያውቁ ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፉ።

ሎጉ ላይ «ሲ-አር-ሲ» የሚሉ ፊደላት፣ «ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ»፣ ከዚያም «ሊሚቲንግ ሳታ ሊንክ ስፒድ» የሚል ካለ፣ ዳታው መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው፤ ከርነሉም ፍጥነቱን ቀንሶ እየሞከረ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው የሳታ ኬብሉን (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን) ይቀይሩ፣ የማዘርቦርዱንም ሶኬት ይለውጡ፣ የፓወር መሰኪያውን አጥብቀው ይግፉ። «ሚዲየም ኤረር» ወይም «አንሪከቨርድ ሪድ ኤረር» ካለ ግን ችግሩ ራሱ ዲስኩ ላይ ነው።

ማረጋገጫው ስማርት ነው፤ ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚይዘው መዝገብ። ስማርትሞንቱልስ የተባለውን ፓኬጅ ይጫኑ፤ ከዚያ ስማርት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከሲ-ቲ-ኤል ጋር ተያይዞ፣ ሰረዝና ትንሹ ኤ፣ ከዚያ የዲስኩ ሙሉ አድራሻ። ብዙ ቁጥር ይፈስሳል፤ ለሳታ ሃርድ ዲስክ አራት መስመሮችን ብቻ ይፈልጉና መጨረሻ ላይ ያለውን ጥሬ ቁጥር ያንብቡ። 5 ቁጥር ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ናቸው። 197 ማንበብ ያቃታቸው፣ ገና ያልተተኩ። 198 በምርመራ ጊዜ ያልተነበቡ። 199 ደግሞ የኬብል ጉዳይ ነው። ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ከዜሮ በላይ ሆነው ከቀን ወደ ቀን ከጨመሩ ዲስኩ አይታመንም። 199 ኬብሉ ከተቀየረም በኋላ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ የሚታየው መጨመሩን ማቆሙ ነው። ከላይ «ፓስድ» የሚለው ቃል አያጽናናዎት፤ የሚሞት ዲስክም እስከ መጨረሻው «ፓስድ» ሊል ይችላል። በዩኤስቢ አዳፕተር የተሰካ ዲስክ መዝገቡን አልሰጥም ካለ ሰረዝ ዲ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ኤስ-ኤ-ቲ ይጨምሩለት።

ዲስኩ ራሱ ከተጎዳ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ዲ-ዲ-ሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ሙሉውን ወደ ሌላ፣ እኩል ወይም ተለቅ ያለ መጠን ወዳለው ዲስክ ይገልብጡ። ይህ ፕሮግራም ቀላሉን አስቀድሞ ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ቦታ በማፕ ፋይል መዝግቦ በኋላ ይመለስበታል፤ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። የፋይል ሲስተም ጠጋኙ ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ ከዚያ በኋላ፣ ቅጂው ላይ ይሂድ። በሚሞት ዲስክ ላይ አስቀድሞ ማስኬዱ ያለችውን ዕድሜ ያሳጥራታል፤ ማውንት በተደረገ ዲስክ ላይ ማስኬድ ደግሞ ጤነኛውንም ያበላሻል።

ቦታ እያለ «ቦታ የለም»፣ መጻፍ ሲገባው «ለንባብ ብቻ»?

ዲ-ኤፍ ከሰረዝ ኤች ጋር የቀረውን ቦታ ያሳያል። እዚያ ጊጋባይቶች እያሉ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ካለ በኤች ፋንታ አይ ያስገቡ፤ ያለቀው ቦታው ሳይሆን የፋይል መመዝገቢያው ሊሆን ይችላል። ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይል የሚያከማች ፕሮግራም እዚህ ያደርሳል።

ዲስክ በድንገት ለንባብ ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከርነሉ ስህተት አይቶ ጉዳቱን ለመግታት የወሰደው እርምጃ ነው። አስገድዶ መልሶ ከመክፈት በፊት ሎጉን ያንብቡ። ዊንዶውስም ያለበት ኮምፒውተር ላይ ግን የኤን-ቲ-ኤፍ-ኤስ ክፍልፋዩ እንዲህ ከሆነ መንስኤው ፋስት ስታርትአፕ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ዊንዶውስ ሲዘጋ በእርግጥ አልዘጋም። እሱን አጥፍቶ ዊንዶውስን በሙሉ መዝጋት ይበቃል።

የተነቀለ ዲስክ ኮምፒውተሩን እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል?

አዎ። ኢ-ቲ-ሲ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ኤፍ-ኤስ-ታብ፣ ሲስተሙ ሲነሳ የትኛው ዲስክ የት እንደሚያያዝ የተጻፈበት ፋይል ነው። እዚያ የተጻፈ ዲስክ ከሌለ ሲስተምዲ በተለመደው አሠራሩ 1 ደቂቃ ከ30 ሰኮንድ ይጠብቅና ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል። ዲስኩ ኖሮም ስሙ ሊለወጥ ይችላል፤ ኤስ-ዲ-ኤ እና ኤስ-ዲ-ቢ የሚሉት ስሞች የሚሰጡት ቀድሞ ለተገኘው ነውና ዛሬ ኤ የነበረው ነገ ቢ ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ መጻፍ ያለበት ዩ-ዩ-አይ-ዲ የተባለው ረጅም መለያ ነው፤ ቢ-ኤል-ኬ-አይ-ዲ ብለው በሱዶ ቢጠይቁ ይወጣል። ለሚነቀሉ ዲስኮች ደግሞ ከአማራጮቹ መካከል «ኖፌይል» የሚለውን ያስገቡ፤ ዲስኩ ባይገኝም ሲስተሙ መነሳቱን ይቀጥላል።

አስቀድሞ ካልተደረገና ኮምፒውተሩ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ከቆመ፣ በአስተዳዳሪው ፓስወርድ ይግቡ፣ ዋናውን ፋይል ሲስተም ለመጻፍ ይክፈቱት፤ ማውንት፣ ሰረዝ ኦ፣ ሪማውንት ኮማ አር-ደብልዩ፣ ከዚያ አንድ ስላሽ። ኤፍ-ኤስ-ታብን ከፍተው የዚያን ዲስክ መስመር ፊት ላይ # ያድርጉ፣ ሴቭ አድርገው ሪስታርት ያድርጉ።